በእጅ የያዙት ተራራ

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገን ሰው «ከውጭ እንግዳ መጥቶብኛል፤ ምን ላሳየው?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የሚሰጣችሁ ምክር የአውሮፕላን ትኬት እንድትቆርጡ ነበር። ላሊበላ ውሰደው፤ ጎንደርን አሳየው፤ ጊዜ ካለው አክሱምንም ይጨምር። አዲስ አበባስ? ሙዚየም ገብቶ ሉሲን ይይ፣ ኪሱን ጠብቆ መርካቶን ይዙር፣ ማታ ክትፎና እስክስታ ካለበት ቤት ራቱን ይብላ፤ በማግስቱ ማለዳ ቦሌ ይገኝ። ከተማዋ እንግዳ የሚያድርባት እንጂ እንግዳ የሚያያት አልነበረችም። የሚገርመው ይህን መልስ የምንሰጠው አፍረን አለመሆኑ ነው። ነገሩ ለእኛ ግልጽ ነበር፤ ታሪክ ያለው ሰሜን ነው፣ እኛ ያለነው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ይዘው ሀገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ የቱሪዝሙ አከርካሪ የሆነው ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን ያያያዘው ታሪካዊ መስመር ነው። ዩኔስኮም በ1978 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የስሜን ተራሮች። በዓመቱ ፋሲል ግቢ ተከተለ። አዲስ አበባ በዚህ መዝገብ ውስጥ ምንም የላትም። የእሷ ዝና ሌላ ነበር። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነች፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተባት፤ ከዚያ ወዲህ የስብሰባ ከተማ ሆና ቀረች። ስብሰባ የመጣ ሰው ደግሞ የሚያየው አዳራሽና ሆቴል ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ መዳቡ ተመልሶ ወርቅ የሚሆነው መቼ ነው የሚል ነው። ከተማችንን ማን ሲያመሰግንልን ነው ደረታችን የሚነፋው? ደግሞስ ሲመሰገን የሚነፋው የማን ደረት ነው? ይህን ለማየት ከእንጦጦና ከየካ ኮረብቶች የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ አልፎ እስከ ኮተቤ የሚዘልቀው ይህ የተራራ ሰንሰለት ከፍተኛ ቦታው 3,200 ሜትር ይደርሳል። ውሃ ከፋይ ነው፤ በስተሰሜን ጀርባው የሚያርፍ ዝናብ ወደ ዓባይ ወርዶ ሜዲትራንያን ድረስ የመሄድ ዕድል አለው፤ በፊቱ በኩል የሚያርፈው በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ከተማውን ሰንጥቆ ወደ አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱን ጠብታዎች የሚለያያቸው አንድ እርምጃ ነው። አዲስ አበቤ ግን ተራራውን በዚህ አያውቀውም። በብርዱ፣ በእንጨቱ፣ በጠበሉና በሩጫው ነው የሚያውቀው።

ታሪኩን በአጭሩ እንለፈው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ከተማቸውን እዚህ አድርገው ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ የጠመንጃ ነጋዴ ሆኖ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ሒሳቡን ለመተሳሰብ የመጣው እዚህ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እንጦጦ ማርያም ነው። ያን ጊዜ ግን እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው ሜዳ ላይ ቤት ካሠሩ፣ አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነበር። መኳንንቱ ብርዱን፣ ንፋሱንና የማገዶውን እጥረት ሸሽተው ቁልቁል ወረዱ። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈው በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ በኖራ የተለቀለቀ ቤት ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አለ፤ የንጉሠ ነገሥት ቤት መሆኑን ካልነገሩት የሀብታም ገበሬ ቤት ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። የቱለማ ኦሮሞ ደግሞ ሜዳውን ፊንፊኔ ብሎ ከብት ሲያሰማራበትና በፍልውሃው ሲገለገልበት ከዚያ በፊት የኖረ ነው። ተራራው የማን ኩራት ነው የሚለው ክርክር ዛሬም የሚግለው ባለ ብዙ ትዝታ ስለሆነ ነው፤ አንዱን ትዝታ አንሥቶ ሌላውን መጣል ለተራራው አይመጥነውም።

ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣ። ዋና ከተማዋ በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ተወስኖ ነበር፤ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ መሆኑን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ኮረብታዎቹ በሙሉ ባሕር ዛፍ ለበሱ። ለመቶ ዓመት የከተማዋ እንጀራ የተጋገረው በዚህ ተራራ ቅጠል ነው። ዛፉ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ አያስበቅልም፣ ምንጭ ያደርቃል እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳው መሠረት አለው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በተራራው ላይ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ መልሶ ለመትከል የደከመውም ለዚሁ ነው። ቢሆንም ባሕር ዛፍ ባይመጣ ዛሬ ስለ የካ ኩራት የምናወራበት ከተማ እዚህ አይኖርም ነበር።

ቅጠሉንና ጭራሮውን ወደ ከተማ ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እስር፣ ከጀርባ በገመድ ተጠፍሮ፣ ገመዱ ደረት ላይ ተሻግሮ፣ ወገብ ለሁለት ታጥፎ። እስሩ ከሴትዮዋ ቁመት ይበልጥ ወደ ጎን ይረዝማል፤ መኪና ሲመጣባት ፊቷን ሳይሆን መላ ሰውነቷን አዙራ ወደ ዳር ትወጣለች። ለማረፍ ሸክሟን አታወርድም፤ ካወረደችው የሚያሸክማት የለም። የድንጋይ ግንብ ወይም የመንገድ ዳር ጉብታ ፈልጋ እስሩን አስደግፋበት ቆማ ታርፋለች። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን አስፋልት ያየ ሁሉ ይህን አይቷል። የውጭ ሀገር ጋዜጠኞች ስለ እንጦጦ ለረጅም ጊዜ የጻፉት በአብዛኛው ስለ እነዚህ ሴቶች ነው፤ የዓለም የሥራ ድርጅትም ጉዳዩን ያስጠና ነበር። ይህ እውቅና ነው? አዎ፣ ግን ማንም የማይኮራበት ዓይነት።

ሁለተኛው ዝና የጠበሉ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም አካባቢ ቤት እየተከራዩ ይጠመቁ ነበር። በኋላ መድኃኒቱ ሲመጣ ጠበሉን ይዘው መድኃኒቱን የተዉ ብዙዎች ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በግልጽ መናገራቸው ብዙ ሕይወት ያተረፈ ይመስለኛል። ያኔ «እንጦጦ ነኝ» ብሎ ስልክ የሚያነሣ ሰው ምን ገጠመው ተብሎ ይታዘንለት ነበር፤ ዛሬ ፎቶ ላክልን ይባላል።

ሦስተኛው ሩጫው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን ልብስ ሰኞ ሰኞ ቆጠሩ። ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አሸንፎ ከሆነ፣ ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስምና ምልክት ለብሶ የሚመጣው ተማሪ ይበዛል። በስልክ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደግሞ ሲያሸንፉ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ሲሸነፉ «ተሸነፉ»። ተማሪዎቹ ኳሷን በእጃቸው አልነኳትም። የሰው ክብር ሙቀቱ ለጎረቤትም ይተርፋል፤ ለመሞቅ የሚያስፈልገው ትንሽ ዝምድና ብቻ ነው። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ከተማ፣ ያው ሰፈር።

እኛ ይህን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም ከቴሌቪዥን ፊት የተነሣው ጩኸት «አሸነፍን!» ነበር። ቡድናችን በኳስ ሲረታ «እነዚህ ልጆች ደግሞ» እንላለን። ነገር ግን ልብ በሉ፣ «አሸነፍን» ስንል ራሳችንን የምናዛምደው ከባንዲራው ጋር ነው። ተራራው ከዝምድናው ውጭ ነበር። ከእነ አበበ ቢቂላ ዘመን ጀምሮ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት፣ አየሩ ከባሕር ወለል አየር 70 በመቶ ገደማ ብቻ ጫና ያለው፣ ሳንባን የሚፈትነው ያ ጫካ ከበራችን በላይ ነው። በንጋት ወደ ሥራ የሚወርድ የየካ ሰው በባሕር ዛፉ መሃል አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ እየተጠማዘዘ የሚሮጠውን ሰልፍ ያያል፤ ያልፋል። ያንን ሰልፍ ተቀላቅሎ፣ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ መጽሐፍ ያደረገው ማይክል ክሮሊ የተባለ ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት ነው፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.)። መጽሐፉን ካነበቡት በኋላ ተራራውን እንደ አዲስ ያዩ የከተማችን ልጆች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ነቢይ በሀገሩ አይከበርም የሚባለው ለተራራም ይሠራል።

የውጭ ዓይን ወደ ከተማዋ ራሷ መዞር የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በየዓመቱ በሚያወጣው ሊጎበኙ የሚገባቸው 52 ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አስገባት። ምክንያቱ ላሊበላም ሉሲም አልነበሩም፤ የሥዕል ጋለሪዎቿና ሠዓሊዎቿ ነበሩ። እኔ እስከ ዛሬ ከሰማሁት እውቅና ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ከተማዋን በራሷ ሥራ ነውና ያመሰገናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሎንሊ ፕላኔት የተባለው የጉዞ መጽሐፍ አሳታሚ ኢትዮጵያን ለ2017 ከመረጣቸው አሥር አገሮች ውስጥ ቆጠራት።

በሁለቱ መሃል ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የቱሪዝምና የንግድ ምክር ቤት የሚል ስም ያለው ተቋም ኢትዮጵያን «የዓለም ምርጥ የቱሪስት መዳረሻ» ብሎ መረጣት። ዜናው ለቀናት ተነገረ። ባነር ተሰቀለ። ብዙዎቻችን የአውሮፓ ኅብረት የሸለመን መስሎን ነበር። ተቋሙ ግን የኅብረቱ አካል አይደለም፤ ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሽልማቱን የወሰደችው ደግሞ ዚምባብዌ ነበረች። ይህን ያነሣሁት ለመሳለቅ አይደለም። ባነሩን ያዩ የአስጎብኚ ድርጅት ሠራተኞች ደስታ የእውነት ነበር፤ ስታያቸው ታዝናለህ ወይም ትደሰታለህ እንጂ አትስቅባቸውም። ያነሣሁት ኩራት የዳኛውን ማንነት ሳይጠይቅ እንደሚሞቅ ለማሳየት ነው። የቻልዲኒ ተማሪዎችም ዳኛው ትክክል ነበር ወይ ብለው ካኒቴራ አልመረጡም።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ዓለም በኮሮና ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት ነበር፤ እኛም ጭምብል አድርገን ወጣን። ከ1,300 ሄክታር በሚበልጥ ቦታ ላይ የእግር መንገድ፣ የፈረስና የብስክሌት መንገድ፣ በገመድ ከዛፍ ዛፍ መንሸራተቻ፣ ካፌዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ሎጅ ተዘርግቶ ነበር። ሙሽሮች መጡ። ከአሜሪካ የተመለሰ ዘመድ «መጀመሪያ እንጦጦ ውሰዱኝ» ማለት ጀመረ፤ ወሳጁ የየካ ሰው ራሱ ወጥቶ እንደማያውቅ መንገድ ላይ ይገለጣል። ቁልቁል ወደ ቦሌ ብቻ ይመለከት የነበረ ከተማ ቀና ብሎ ወደ ሰሜን ማየት ጀመረ።

ተራራው ያው ነው፤ ታዲያ ምን ተለወጠ? ቻልዲኒ ጥናቱን ባሳተመበት በዚያው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ዲን ማካኔል የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ቱሪስት የሚባለውን ፍጡር የመረመረ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። አንድ ተራ ቦታ መስሕብ የሚሆነው በተፈጥሮው ብቻ አይደለም ይላል። መጀመሪያ ከሌላው ተለይቶ ስምና ምልክት ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ አጥርና መብራት፣ መቀመጫና መመልከቻ ይሠራለታል፤ ከዚያ ምስሉ በፖስታ ካርድና በፎቶ ይባዛል፤ በመጨረሻ ሰፈሮችና የንግድ ቤቶች ስሙን ለራሳቸው ይወስዱታል። እንጦጦ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉንም ደረጃ ሲያልፍ አይተነዋል። የድንጋይ መመልከቻ ሲሠራለት ከዚያ ድንጋይ ላይ የሚታየው ከተማ ድንገት «እይታ» ሆነ። ከድንጋዩ በፊትም ከተማው እዚያው ነበር፤ የሚያዩት እንጨት ለቃሚዎቹ ነበሩ።

ፎቶው የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ፓርኩ ሲከፈት ከሴቶቹ ከፊሉ በፓርኩ ሥራ እንደሚያገኙ ተነግሮ ነበር፤ በአትክልት ጥበቃና በጽዳት የተሰማሩም አሉ። መልካም ነው፤ ከሸክም ደመወዝ ይሻላል፤ የማይሻል የሚመስለው ተሸክሞ ያላየው ሰው ነው። ነገር ግን ፎቶው የሚነሣበት ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ የሚሸጥበት ዋጋ ሽሮ ሜዳ ታች ከጀበና ቡና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር፣ ኩራቱና ተራራው በአንድ ባለቤት እጅ እንዳልሆኑ ይገባችኋል። ሌላም አለ። ከየካ ኮረብቶች ከፍ ብሎ በሚሠራው «ጫካ» በተባለው የግንባታ ፕሮጀክት ምክንያት ከኖሩበት የተነሡ ቤተሰቦች አሉ። ሰፈርህ በዝርዝር ውስጥ ሲገባ ደስ ይበልህ፤ ግን ዝርዝሩን የሚያነቡት ጎብኚዎች ብቻ አይደሉም፤ መሬት ፈላጊዎችም ያነቡታል።

አሁን ከሕዝቡ ግርግር ወጣ ብለን ወደ ምሥራቅ እንሻገር።

የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንን ያውቁታል፤ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 መንገዱ ሲዘጋ ታክሲ ያጡ ሁሉ ያውቁታል። ከእሱ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን። ከመገናኛ ታክሲ ተራ ብዙም አይርቅም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ምሰሶዎቹ፣ ግድግዳዎቹ፣ በሮቹ ሁሉ ከዚያው ከአንዱ አለት የወጡ ናቸው። ጣሪያው ክፉኛ ተጎድቷል፤ ክረምት ሲሆን ውሃ ይይዛል። ካህናቱና የአካባቢው አረጋውያን በአብርሃ ወአጽብሓ ዘመን ተሠራ ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ከዚያ ወደዚህ አምጥተው በመካከለኛው ዘመን ያደርጉታል። የትኛውም ልክ ይሁን፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ መቶዎች ዓመታት በፊት አንድ ሰው መሮውን ይዞ የዛሬው የየካ ክፍለ ከተማ ኮረብታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። «ከተማችን የ130 ወይም የ140 ዓመት ልጅ ናት» እያልን በአደባባይ የምንናገር ሰዎች ከጓሯችን ያለውን አንቆጥረውም። የአዲስ አበባ ነዋሪ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ላሊበላን ከዚህ ጋር ማወዳደር ልክ አይሆንም፤ ላሊበላ ላሊበላ ነው። ግን ስንቱ የኮተቤ ልጅ ነው ዋሻ ሚካኤል ደርሶ የሚያውቅ?

በማካኔል አነጋገር ዋሻ ሚካኤል ስም ብቻ ነው ያለው። መመልከቻ የለውም፣ ፎቶው አልተባዛም፣ ስሙን የወሰደለት ካፌ አላየሁም።

የካ በዚህ ረገድ ዕድለ ቢስ ናት ብዬ አስባለሁ። አንድ ምሳሌ ልጨምር። ምኒልክ ለእንግሊዝ ለጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ግቢ የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ዛሬም ኤምባሲው እዚያው አለ። በ1902 ዓ.ም. (1910 እ.ኤ.አ.) በዚያ ግቢ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ተወለደ፤ በኋላ የዓረቢያን ባዶ በረሃ በግመልና በእግሩ ያቋረጠው፣ በመጨረሻዎቹ ታላላቅ አሳሾች ተራ የሚቆጠረው ሰው። በልጅነቱ ከሰገሌ ጦርነት የተመለሰውን ሠራዊት ሰልፍ በአዲስ አበባ አይቶ ዕድሜ ልኩን እንዳልረሳው ጽፏል። ሌላ ከተማ ቢሆን በግቢው አጥር ላይ ሰሌዳ ይለጠፍለት ነበር። እኛ ዘንድ በአጥሩ ሥር የሚያልፈው የታክሲ ረዳት የሚያስታውሰው መንገዱ እንደሚጨናነቅ ነው። በዚያ አልፈርድበትም፤ ማንም አልነገረውም።

በነገራችን ላይ ይህ ተራራ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚመለከተው። እንጦጦ ላይ የጠፈር ምርምር ጣቢያ አለ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ስታመጥቅ መረጃ መቀበያው እዚያ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት «አመጠቅን» ያለው ሰው ብዙ ነው። እሱም የቻልዲኒ ተማሪ ነበር።

የውጭ እውቅና ቀላል ነገር እንዳልሆነ ደግሞ ከስሜን ተራሮች ተምረናል። ስሜን በ1978 (እ.ኤ.አ.) ተመዝግቦ በ1996 በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከዝርዝር መውጣትም አለ፤ ሊቨርፑል በ2004 የተሰጣትን የዓለም ቅርስነት በ2021 ተነጥቃለች። የሰጠ ዳኛ ይወስዳል። ስለዚህ ቀድመው ራሳቸው የመዘኑትን የያዙ ከተሞች እውቅናው ሲመጣም ሲሄድም አይናወጡም። የስሜን ነገር የተስተካከለው ደግሞ ዩኔስኮ ስላዘነ አልነበረም፤ በግጦሽና በሰፈራ የተጎዳው መሬት ለዋልያዎቹ እስኪመለስ ድረስ የደባርቅና የጃናሞራ ሰው ከብቱንና መንደሩን ጭምር ከፍሎበታል።

በየካ የምንኖር ሰዎች ከእንግዲህ የውጭ ዳኛ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። የዋሻ ሚካኤልን ጣሪያ ዝናብ በየክረምቱ ይጎዳዋል፤ ኒውዮርክ ታይምስ እስኪጽፍለት አይጠብቀውም። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የታሪክ መምህራን የመጀመሪያውን ጉብኝት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ ከማድረጋቸው በፊት ተማሪዎቻቸውን ወደዚህ ኮረብታ ይምሩ። የክፍለ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከመገናኛ ጀምሮ የአቅጣጫ ሰሌዳ ያቁም። እናንተም ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ባለ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁ፤ ግድግዳው ላይ ስም አትቅረጹ፤ ለሚያስጎበኛችሁ ሰው የሚገባውን ክፈሉ፤ ስትወጡም ጣሪያውን ለማዳን ምን እንደሚያስፈልግ አስተዳዳሪዎቹን ጠይቁ።